ቻናል 31 እና 32

ሳውንድ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች ይሄን ስታነቡ ትስቁብኛላችሁ፣ ሳቁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ፣ ያኔ ግን ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

አዲስ አበባ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ነበር የምሠራው፣ ስሙ ይቅር። ሥራዬ ባብዛኛው ስፒከር መሸከምና ኬብል መጠቅለል ነበር፣ ግን ቀስ በቀስ ሚክሰር (የየማይኩና የየመሣሪያው ድምፅ በየራሱ መስመር፣ ማለት ቻናል፣ ገብቶ የሚስተካከልበት ሰሌዳ) ላይም መቀመጥ ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚሠሩ ሁለት ልጆች ኮንሰርት ሊያዘጋጁ ሲስተም ከኛ ተከራዩ። የሮፍናን ነጸብራቅ አልበም በ2010 ከወጣ በኋላ መቼም ይሄን ሙዚቃ "ምንድነው ይሄ ጩኸት" የሚል ሰው ቀንሷል፣ አዳራሽ ይሞላል። ልጆቹ የፈለጉት ግን ኮንሰርቱን ብቻ አይደለም፣ እናንተ ቅዱልን የላይቭ አልበም እናወጣዋለን አሉ።

ለመነጋገር የመጡ ቀን አንደኛው ስልኩን አወጣና የዳፍት ፐንክን አላይቭ 2007 ከፈተልን። ለማታውቋቸው፣ ሁለት ፈረንሳዮች ናቸው፣ 2021 ላይ ተለያዩ እንጂ፣ የሮቦት ሄልሜት አጥልቀው መብራት በመብራት የሆነ ትልቅ ፒራሚድ ውስጥ ቆመው ነበር የሚጫወቱት፣ ያ አልበም በፈረንጅ ሰኔ 2007 ፓሪስ በርሲ አዳራሽ የተቀዳ ነው፣ 2009 ላይ ግራሚ ወስዷል። ከዛ በፊትም 1997 ላይ በርሚንግሃም የተቀዳ ሌላ ላይቭ አላቸው፣ 45 ደቂቃ ገደማ ሳይቆረጥ አንድ ወጥ ሆኖ የሚሄድ። ልጁ ግን ሙዚቃውን ሊያሰማን አልነበረም የከፈተው፣ መጀመሪያው ላይ ሰዉ ሲያብድ ያለችውን ቦታ አሰማንና አጠፋው። "ይቺን ነው የምንፈልጋት" አለ። እሺ አልኩ፣ ምን እንዳለ ግን በደንብ አልገባኝም ነበር።

እኔ እንደውም በውስጤ ደስ ብሎኛል፣ ቀላል ሥራ ነው ብዬ። ባንድ ስትቀዳ ድራሙ ብቻ ሰባት ስምንት ማይክ ይበላል፣ ሳክስፎኑ አለ፣ መሲንቆ ካለበት ደግሞ በቃ ፊድባክ (ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲይዝ የሚመጣው ፉጨት) ስታባርር ነው የምታመሸው። እነዚህ ልጆች ግን ላፕቶፕና ሁለት ሲንት (ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድ) ይዘው ነው የሚመጡት፣ ከሳውንድ ካርዳቸው ስምንት መስመር ይሰጡሃል፣ ኪኩ (ድም ድም የሚለው ትልቁ ከበሮ) ለብቻ ቤዙ ለብቻ፣ ያለምንም ጫጫታ ንጹህ ሆኖ ይገባል፣ አለቀ። ጋሼ (የድርጅቱ ትልቁ ሳውንድማን፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሆቴል ባንድ ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው ናቸው) ይሄን ስላቸው ሳቁብኝ። "አንተ ልጅ፣ የነሱ ማሽን እኮ እቤታቸውም እዚህም አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው፣ ሰው ከሌለበት ማን ላይቭ ይለዋል?" አሉና ሁለት ኮንደንሰር ማይክ (ስስ ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ ማይክ) አስወጥተው ስቴጁ ጫፍ ግራና ቀኝ ወደ ሕዝቡ አዙረው አስተከሉ። ስቴጅ ቦክሱ (ስቴጅ ላይ ማይኮቹ የሚሰኩበት ሳጥን) ላይ 15ኛውና 16ኛው ቀዳዳ ላይ ተሰኩ፣ ሚክሰሩ ላይ ቻናል 31 እና 32 ሆነው መጡ። ሳውንድ ቼክ ላይ ሄድፎን አድርጌ ሰማኋቸው፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ወንበር የሚጎትተው ሰውዬ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል።

የኔ ጭንቀት ሁሉ ሌላ ቦታ ነበር። 32 ቻናል በ24 ቢት በ48 ኪሎኸርዝ (የቅጂው ጥራት መለኪያ ነው) ስትቀዳ በሰዓት 16 ጂቢ ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶብኝ ይሆን፣ መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሚክሰሩ ጠፍቶብኝ ይሆን፣ ላፕቶፑ አፕዴት ልሥራ ብሎብኝ ይሆን። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ተሸክሜ መጣሁ፣ ዋይፋይ አጠፋሁ፣ ሁለት ዲስክ አዘጋጀሁ። መብራት እንኳን አልሄደም በዛን ቀን፣ በታሪክ።

ማታ አዳራሹ ጢም አለ። የመጀመሪያው ዲጄ ወርዶ ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ እኔ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጫለሁ፣ ከቻናል 1 እስከ 8 አንድ በአንድ በሄድፎን እያዳመጥኩ ሌቭል አስተካክላለሁ። 31 እና 32ን በዓይኔ ገረፍ አደረግኳቸው፣ የድምፁን መጠን የሚያሳየው አረንጓዴ ሜትር ከኪኩ ጋር እኩል ይዘላል፣ አሪፍ፣ እየቀዱ ነው አልኩና ተውኳቸው። አንድ ሰዓት ከሃያ ሙሉ ሜትሩ ሲዘል አየሁት እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማሁትም። እና አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ሙዚቃው ቆሞ ሰዉ ጣራውን ሊያወርደው ሲጮህ ሜትሩ መውጣት ሲገባው ዝም ይል ነበር። ፊት ለፊቴ ነበር። አየሁት እኮ! ግን ሰዉም እኔም ሞቆናል፣ ማን ያስተውላል።

በነጋታው ስቱዲዮ ተሰበሰብን። ስምንቱን ቻናል ከፈትን፣ እንከን የለውም። እንከን የለውም ስል በቃ ልጆቹ እቤታቸው አልጋ ላይ ቁጭ ብለው የሠሩት ነው የሚመስለው። ትልቁ ልጅ "ይሄማ ዲሞው ነው" አለ። ቆይ ሕዝቡን ልጨምርበት ብዬ 31ን ከፈትኩ። ድም ድም ድም የሚል የቤዝ ነጎድጓድ፣ ሌላ ምንም። 32ን ከፈትኩ፣ ያው። ከዛ ዘፈኑ አለቀ፣ ሰዉ የሚጮህበት ቦታ ደረሰ፣ ሕዝቡ ከጎረቤት ቤት የሚሰማ ያህል ርቆ ሽው ይላል፣ ከሱ በላይ ግን ጥርት ባለ ድምፅ፣ በ24 ቢት፣ አንድ ሰው "ሽሮዬን ማነው የበላው?" ይላል። ሌላው "እኔ ዳቦ ብቻ ነው የነካሁት ወላሂ" ይለዋል። ስቱዲዮው ውስጥ ማንም አልሳቀም።

ምን ሆኖ ነው ብላችሁ፣ ከመጀመሩ በፊት ቪዲዮ የሚቀርጹት ሰዎች የማይክ ስታንዶቹ ካሜራችን ውስጥ ገቡብን ብለው አመረሩ፣ ስቴጅ ላይ የሚሠራው ልጃችን ደግሞ ሁለቱንም አንስቶ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሰቡ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) አጠገብ፣ እራታቸውን የሚበሉበት ጋ አቆማቸው። ማይኮቹ አልተነቀሉም፣ አልተበላሹም፣ ቤዙ እየመታቸው ሜትሩን ሲያስጨፍሩልኝ አመሹ። ልጁን ልቆጣው ደወልኩ፣ ንዴቴ ገና ከአፌ ሳይወጣ "ብሮ ጠይቄህ ነበር እኮ፣ ወደ ጎን ላድርጋቸው ስልህ ራስህን ነቅንቀህ እሺ አልከኝ" አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ሰው መጥቶ የሆነ ነገር ሲለኝ ሄድፎኔን ሳላወልቅ ራሴን እንደነቀነቅኩ ትዝ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ጋሼ ምንም አላሉኝም፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሀሳብ የተዘጋጀ የሕዝብ ጩኸት ከኢንተርኔት አውርዶ መጨመር ነበር፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አትዋሹ። አወረድኩና ሞከርኩት። ሃያ ሺህ ፈረንጅ "ዉዉዉ" ይላል፣ እልልታ የለውም! ልጆቹ አንድ ችክችካ ላይ የሠሩት ትራክ አላቸው፣ እዛ ላይ ሰዉ እያጨበጨበ ሴቶቹ እልል ሲሉ ነው ቤቱ የተናጋው፣ እሱን ከየት ታወርዳለህ? ልጆቹም እንዳትሞክራት አሉ።

ሀሳቡን ያመጣው ትንሹ ልጅ ነው፣ ያው ከዳፍት ፐንክ። ያ የ2007 ቱር እስከዛሬ በዲቪዲ አልወጣም፣ ሰው በየስልኩና በየካሜራው የቀረጸው ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ እሱ ይሻለናል የሚል ነበር አቋማቸው። ከላይቩ አልበም ለነጠላ ዘፈን የወጣውን ቪዲዮም ብሩክሊን በነበረው ኮንሰርት ላይ 250 ተመልካቾች በካሜራ ከቀረጹት ነው የሠሩት። "እኛስ ሰዉን ብንጠይቀው?" አለ። ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ለጠፉት፣ ቪዲዮ ያላችሁ ላኩልን፣ ግን እንደ ፋይል አድርጋችሁ፣ አለበለዚያ ድምፁም ይታመቃል።

በሁለት ቀን መቶ የሚጠጋ ክሊፕ መጣ። ግማሹ የላኪው ፊት ነው። የቀረው ላይ ሳምንት ሙሉ ተኛሁበት። ስልክ ቤዝ ሲበዛበት ድምፁ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን (ወፍራሙን ድምፅ) ሁሉ ቆርጬ ጣልኩ፣ ኪክና ቤዝ ከማሽኑ በንጹሁ አለኝ፣ ከስልኩ የምፈልገው ሰውን ነው። ሌላው ጣጣ ርቀት ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ከስፒከሩ 30 ሜትር ርቆ የቆመ ልጅ ስልክ ላይ ሙዚቃው ወደ 90 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ነው የሚገባው፣ ዝም ብለህ ከላይ ብትደርበው ጭብጨባውና ሲንቱ ሁለት ሁለት ጊዜ እየመቱ እንደ ጋሪ ፈረስ ኮቴ ቀጨል ቀጨል ይላል። እያንዳንዱን ክሊፕ አጉልቼ እያየሁ፣ ወደ ፊት እየጎተትኩ፣ ከኪኩ ጋር ሳገጥም ዓይኔ ጠፋ። ስልኩ ሙዚቃው ሲጮህ ድምፅ ይቀንሳል ሲቆም ደግሞ ይጨምራል፣ እሱን በእጅ ወደ ላይ ወደ ታች ማስተካከል አለ። ትኬት ቆራጩ አጠገብ የቆመ የሚመስል አንድ ሰውዬ የላከው ክሊፕ ከሁሉ የተሻለ ነበር፣ ቪዲዮው ጨለማ ነው ምንም አይታይም፣ ድምፁ ግን ወርቅ።

እልልታዋ ያለችበት ክሊፕ ግን አንድ ብቻ ናት። እሷ ላይ ደግሞ ሙዚቃው ጸጥ ብሎ ሊፈነዳ ሲል፣ ሰዉ ትንፋሹን ዋጥ ባደረገበት ሰዓት፣ አንዲት ልጅ "ጫማዬ! ኧረ ጫማዬን!" ትላለች። እልልታው እላዩ ላይ ነው የሚነሳው፣ ብቆርጣት እልልታው አብሮ ይሄዳል። ሁሉንም ሞከርኩ። መጨረሻ ላይ ልጆቹን ጠርቼ በቃ አልቻልኩም፣ ወይ ሁለቱንም ወይ ምንም አልኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሦስተኛው ላይ ጋሼ ከኋላ ሆነው "ተዋት ትጩህ" አሉ፣ ከዛ ቀን በኋላ መጀመሪያ ያናገሩኝ ያኔ ነው።

አልበሙ ላይ አለች። ጫማዋን አግኝታ እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም።