እንቆቅልሽ በዋንዛ

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። አባዬ ሻማ ይለኩስና ወንበሩን ወደኛ ያስጠጋል። ከዚያ «እንቆቅልሽ!» ይለኛል። እኔና ወንድሜ እየተሽቀዳደምን «ምን አውቅልህ!» እንላለን። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ! ይቺን እናውቃታለን። «በርም መስኮትም የሌላት ነጭ ቤት።» በዚህችኛዋ ሦስት ማታ ተሸንፈናል። ሲያቅተን «አገር ስጡኝ» ይላል። ጎጃምን ሰጠነው፣ ወሎን ሰጠነው፣ ሐረርን ሰጠነው። «ይፋትን እንስጥህ?» ስንለው ግን እሺ አይልም። የተወለደው እዚያ ነው። «ይፋት የራሴ ናት፤ የራሴን እንዴት ትሰጡኛላችሁ?» ይለናል። «ጎጃም ሄጄ ምን አጥቼ» ብሎ ጀምሮ ማሩንና ቅቤውን ቆጥሮ ሲጨርስ ነው እንቁላሏን የሚነግረን።

ይኸው አባዬ ዘንድሮ ሰኔ 30 ጡረታ ወጣ። 34 ዓመት መካኒክ ነበር። ኮፈን ሳይከፍት፣ ሞተሩን ቆሞ አዳምጦ የመኪናውን ሕመም የሚናገር ሰው ነው። ቤተሰቡ ስለ ስጦታ ሲመካከር ሰዓትም ተነሳ፣ ጋቢም ተነሳ። ጋቢ ሦስት አለው። እኔ እንቆቅልሽ ልሰጠው ፈለግሁ። በእጁ የሚይዘው፣ የሚያገላብጠው፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ የሚሰማው እንቆቅልሽ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሰፈራችን ያሉ አንድ አናጢ ቤት እሄዳለሁ፤ አራት ዓመት ሆነኝ። መላጊያ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጃፓኖች ሃኮኔ በሚባል ተራራማ አገራቸው የሚሠሩት ሚስጥራዊ ሣጥን አለ። ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይሠሩታል። ሲያዩት መክፈቻ የለውም። አንዱን ጎን ትንሽ ገፋ፣ ሌላውን ዝቅ፣ መልሶ የመጀመሪያውን ገፋ እያደረጉ ነው የሚከፍቱት። በ4 እንቅስቃሴ የሚከፈት አለ፤ ከ70 በላይ የሚፈልግም አለ። ፊቱን የሚያለብሱት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን እንጨቶች አጣብቀው፣ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ልጠው ነው። ያን ለመሥራት የእኔ እጅ ገና ነው። ሐሳቡን ግን ወሰድኩት።

እንጨቱ ቤት ውስጥ ተገኘ። የአያቴ አልጋ ራስጌ ከተሰበረ ጀምሮ ዕቃ ቤት ቆሞ ነበር። ዋንዛ ነው። ዋንዛ ዛሬ እንደልብ አይገኝም። በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አራት ዛፎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ናቸው። ከበሮ የሚቦረቦረው ከዋንዛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል። ላዩ ላይ ያለውን የዓመታት ጥቀርሻ በመላጊያ ሳነሳው ከሥሩ ቀይ ዳማ ቀለም ወጣ። አናጢው ፍቅፋቂውን አንስተው አሸተቱና «ይሄ ለሳጥን ያንሰዋል እንዴ?» አሉኝ። ይበዛበታል ማለታቸው ነበር።

አሠራሩ እንደ ክብሪት ነው። ውጪው ቀፎ፣ ውስጡ መሳቢያ። 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ወርድ፣ 6 ቁመት። መሳቢያው እጀታ የለውም። ፊቱ ከቀፎው አፍ ጋር እኩል ስለሆነ ጥፍር እንኳ አያስገባም። የኋላውንም ጫፍ ልክ እንደ ፊቱ ስለሠራሁት በየት በኩል እንደሚከፈት አይታወቅም።

ቁልፉ አንዲት ምስማር ናት። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ምስማር 9 ሚሊ ሜትር ቆረጥኩ። የቀፎው ጣራ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከውስጥ በኩል፣ አፉ አጠገብ፣ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ በሳሁ። በትክክል ከሥሩ፣ የመሳቢያው ግድግዳ ጠርዝ ላይ፣ 4 ሚሊ ሜትር የሚገባ ሌላ ቀዳዳ አለ። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምስማሯ በራሷ ክብደት ወርዳ ግማሽ ያህል አካሏን ከታች፣ የቀረውን ከላይ ታደርጋለች። መሳቢያው ተቆለፈ ማለት ነው። ሳጥኑ ሲገለበጥ ምስማሯ ሙሉ በሙሉ ወደ ጣራው ትመለሳለች። እንደተገለበጠ ወደ ፊት ዘንበል ሲደረግ መሳቢያው ራሱ አንድ ጣት ያህል ይወጣል። ከዚያ ቀና አድርጎ መሳብ ነው። የመሳቢያው ቀዳዳ ስላለፋት ምስማሯ ባለችበት ሆና ጠርዙን እየጋለበች ትቆያለች። መሳቢያው ጨርሶ ወጥቶ ምስማሯ እንዳትወድቅ ከኋላ በኩል በጠንካራ ክር አሰርኩት።

ብልጠት አይደለም የፈለግሁት። ያልታየ ማግኔት ደብቆ ሰው ማድከም ይቻላል። አባዬ ሲጠይቀን ግን መልሱ ሁሌም ጥያቄው ውስጥ ነበር፤ በር የሌላት ነጭ ቤት ሲል እንቁላሏን ነግሮናል። ሳጥኑም እንደዚያ እንዲሆን ነው የፈለግሁት። ሲገለበጥ ምስማሯ ቀጭ ትላለች። ያ ቀጭታ መልሱ ነው፤ ለሰማ።

የመጀመሪያው ጣራ ተበላሸ። 12 ላይ 10 ስበሳ የሚተርፈኝ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የትራፓኖው ፑንታ፣ የመብሻው ጫፍ፣ ብልጭ ብሎ በማዶ ወጣ። ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ከራስጌው ሌላ ቁራጭ ቆረጥኩ። በሁለተኛው ፑንታው ላይ 10 ሚሊ ሜትር ለክቼ ፕላስተር ጠቀለልኩና ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቆምኩ። ምስማሯም በመጋዝ የተቆረጠችበት ጫፍ ሹል ስለነበረ እየያዘ አስቸገረኝ። በሞረድ አለስልሼ፣ በ240 የብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ከዚያ በኋላ እንደ ውኃ ትወርድ ጀመር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሰኔ አጋማሽ ላይ መሳቢያው እንደ ቅቤ ይንሸራተት ነበር። ሳምንት ሙሉ ዘንቦ ብመለስ ንቅንቅ አልል አለ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ያብጣል። ሁለቱንም ጎን በመላጊያ ከፀጉር በማይበልጥ ውፍረት፣ ሁለት ሁለት ጊዜ አነሳሁለት። ከዚያ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ካመጣችው ጧፍ ቆርጬ ጠርዞቹን ቀባሁ። የንብ ሰም ነው፤ ለመሳቢያ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ኋላውን በኮላ ዘግቼ ሞርሳ ላይ ካሳደርኩ በኋላ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ሳጥኑን ገልብጬ ዘንበል ሳደርግ መሳቢያው እየተንቀራፈፈ ነው የሚወጣው። ክር የነካው መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ መክፈት የለም። ለካ አየር ነው። መሳቢያው ልክክ ብሎ ስለገባ ሲወጣ ከኋላው ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ አየር የሚገባበት የለም። ከሥር 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳሁና ተገላገልኩ።

ውስጡ የገባውን እማዬ ብቻ ታውቃለች። የአባዬ የጋብቻ ቀለበት ነው። ጣቱ ስለወፈረ አውልቆት ቁምሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። እማዬ በድብቅ አወጣችልኝ፤ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስጄ አሰፋሁት። ድምፁ የምስማሯን እንዳይሸፍን በጥጥ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቡና በኋላ፣ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንቆቅልህ!» አልኩት።

ሳቀ። «ምን አውቅልሽ!»

ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ነቀነቀው። መነጽሩን አድርጎ የአየር ቀዳዳዋን አገኛት፤ በስቴኪኒ ይጎረጉራት ጀመር። እሷ እንዳልሆነች ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። በአንዱ ጫፍ ጫነ፣ በሌላው ጫነ። ወንድሜ ልሞክር ቢለው አልሰጥም አለ። ሁለተኛው ጀበና ተጣደ። መሸ። በመጨረሻ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኔን ዓይኔን አየኝ።

«አገር ልስጥሽ?»

«ስጠኝ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ይፋትን ሰጠሁሽ።»

ወንድሜ ስልኩን አስቀመጠ። እኔም ጉሮሮዬን እንደ ማጽዳት ብዬ «ይፋት ሄጄ ምን አጥቼ» ብዬ ጀመርኩ፤ ጤፉን፣ ማሽላውን፣ የዘመዶቹን እርጎ ቆጠርኩ። እየቆጠርኩ ሳጥኑን አንስቼ ገለበጥኩት።

ቀጭ።

«ቆይ!» እጄን ያዘ። «ቆይ፣ ቆይ፤ እንዳትነግሪኝ።»

ሳጥኑን ተቀብሎ ጆሮው ላይ አስጠጋ። ቀና አደረገው፤ ቀጭ። ገለበጠው፤ ቀጭ። ለሦስተኛ ጊዜ ገልብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ ዘንበል አደረገው። መሳቢያው አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ቆመ።

ጥጡን ሲፈታ እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። ቀለበቱን አጠለቀው፤ ልኩ ነበር። ጣቱን እያየ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«በይ፣ ይፋቴን መልሺ።»