ለጉምሩክ የጻፍኩት ዝርዝር

ዛሬም ሳሎን ወለሉ ላይ ዕቃ ስቆጥር አመሸሁ። ዝርዝሩ 63 ደርሷል። የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ የዋጋ ግምት። ጀበና፣ 1፣ 9 ዓመት። ረከቦት፣ 1፣ 9 ዓመት። ጋቢ፣ 3። የልጄ ብርድ ልብስ፣ 2። በየመስመሩ «ያገለገለ» እያልኩ እጄ ዛለ።

ባለቤቴ ጀርመን ሥራ ከጀመረ ስምንት ወር ሆነው፤ እኔና ልጃችን ልንከተለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለኑሮ ለሚመጣ ሰው የቤት ዕቃውን ያለ ቀረጥ ያስገባለታል። ሰውየው ከዚያ በፊት ቢያንስ 12 ወር ከኅብረቱ ውጪ የኖረ መሆን አለበት፤ ዕቃውም የራሱ ሆኖ ቢያንስ 6 ወር የተገለገለበት። ከገባ በኋላ ደግሞ 12 ወር ሙሉ መሸጥም፣ ማከራየትም፣ ማዋስም አይቻልም።

ይህን ለእናቴ ማስረዳት ነው የከበደኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ የባጃጁ የኋላ ወንበር በዕቃ ተሞልቶ ነበር፦ አዲስ ድስት፣ አዲስ ሰፌድ፣ ገና ፕላስቲኩ ያልተላጠ ትሪ።

«እማዬ፣ አዲስ ዕቃ እኮ ይቀረጣል። በነፃ የሚያልፈው አሮጌው ነው» አልኳት።

«ኧረ ልጄ! ጥላሸት የጠጣ ድስት ይዘሽ ባሕር ልትሻገሪ? ሰው ምን ይለኛል?»

ብዙ ዝም አለች። የምትሸኘው ልጇን ነው፤ ልጅ ደግሞ በአዲስ ዕቃ ነው የሚሸኝ። ኋላ ተነስታ ጓዳ ገባችና ስዳር የሰጠችኝን መሶብ አውጥታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ጀመር። ቀዩ አክርማ ወደ ዛገ ብረት መልክ ሄዷል፣ ሐምራዊው ግን አሁንም ደማቅ ነው። አፉ ዙሪያ የተፈታውን ስፌት ራሷ በሌላ ቀለም ደግማ ሰፍታው ነበር። ክዳኑን ሳነሳ የእንጀራ ሽታ አለው። «ይኼስ አሮጌ ነው?» አለችኝ። 41ኛው መስመር ላይ አሰፈርኩት። የዋጋ ግምቱን ቦታ እስካሁን አልሞላሁትም።

ቅቤው ግን ቀረ። ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው። በኮረሪማና በኮሰረት ያነጠረችውን ማሰሮ ሙሉ ቅቤ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ላሉ ጎረቤቶቻችን በጣሳ በጣሳ አከፋፈለችው። ማሰሮውን ስታጥበው ላያት አልፈለግኩም፤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

የሰፈራችን አናጺ ከባሕር ዛፍ ጣውላ የሠራልኝ ሳጥንም አልሆነም። በሀገራት መካከል የሚጓጓዝ የማሸጊያ እንጨት ነፍሳት እንዳይዛመቱበት ውስጡ 56 ዲግሪ ሙቀት ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያም የስንዴ ዘለላ ያለበት ማኅተም መመታት አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ያዘዝኩት። ገንዘቡን ከፍዬ ሳጥኑን ለዶሮ ቤት እንዲያደርገው ሰጠሁት፣ ዕቃውን በካርቶን አሸግነው።

የኛ ጓዝ 4 ሜትር ኩብ አይሞላም። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 33 ይይዛል፤ ስለዚህ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር ነው የሚጫን። በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ሐምቡርግ።

የዳዊቱን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት መጻፉ ስለከበደኝ ነው። አያቴ የዘጌ ሰው ነበሩ፤ በብራና የተጻፈው ዳዊታቸው ለእናቴ፣ ከእናቴ ለኔ ተላለፈ። ገበታው እንጨት ነው፣ አንዱ ጥግ ተሰንጥቆ በጅማት ተጠግኗል። ገጾቹ ታችኛው ጫፍ ላይ በአውራ ጣት ብዛት ጠቁረዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ የአያቴ እጅ ይሰማኛል። ወዳጅ የመራኝ ትራንዚተር፣ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ «በልብስ መሃል ጠቅልይው፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። ዋጋ እንደሌለው ጨርቅ አድርጎ ሲያወራው ደሜ ፈላ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የሚፈቀደውም ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለዐውደ ርዕይ ነው። ቢገኝ የኔ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሰው ጭነት ይታገዳል። ግን እውነቱን ለመናገር ያስቆመኝ ፍርሃት አይደለም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ከወሰዷቸው ብራናዎች ብዙዎቹ እስከዛሬ ለንደን ናቸው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለእነሱ ተናድጄ ድርሰት ጽፌያለሁ። ታዲያ እኔ በገዛ እጄ፣ በሹራብ ጠቅልዬ?

ለልጄ ግን ምን እንደማሳየው አላውቅም። ስድስት ዓመቱ ነው፤ «ሀ» እና «ለ»ን የለየው በዚያ ዳዊት ላይ ነው፣ ቀዩን ፊደል እየፈለገ። ዛሬ ከሰዓት ገጽ በገጽ በስልኬ አነሳሁለት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቅጠሎቹን ትገልጥልኝ ነበር። ስንጨርስ ወደ ማኅደሩ መለሰችው፤ የላላውን ማንገቻ አጥብቃ አሰረችና ከራስጌዋ፣ ከድሮው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።