ንፋሱንስ አስልተኸዋል?

ያቺ የኤክሴል ሰንጠረዥ እስካሁን ላፕቶፔ ውስጥ አለች። ስሟ «የመጨረሻ 3» ነው። ከእሷ በፊት «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ 2» ለአለቃዬ ተልከውለት ነበር፤ አንዳቸውንም አልከፈተም።

የካቲት 2016 ነው። ሥራችን ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ስሌት ማምረት ነው። ለአንድ ብሎክ፣ ማለትም ለአንድ ጥቅል የግብይት መዝገብ፣ የሚከፈለው ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ሊወርድ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እኛ ደግሞ ማምረቻ ማሽን ልንገዛ ነው። እኔ ኤስ21 የሚባለውን አዲስ ሞዴል አልኩ፦ 200 ቴራ (የስሌት ፍጥነቱ ነው)፣ 3,500 ዋት፣ በቴራ 17.5 ዋት። አለቃዬ የቀድሞውን ሞዴል፣ ያገለገለ ኤስ19ጄ ፕሮ አለ፦ 104 ቴራ፣ 3,068 ዋት፣ በቴራ 29.5 ዋት። በአንዱ አዲስ ዋጋ ያገለገለው ሦስትም አራትም ይመጣል።

«ስማ» አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ያንተ ሒሳብ ለቴክሳስ ነው። እኛ ጋ መብራት ኪሎዋት ሰዓቱ በ3.14 የዶላር ሳንቲም ነው።»

የሚያናድደው፣ ሒሳቡ ወደ እሱ ያደላል። ያገለገለው በቀን 73.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በዚያ ታሪፍ 2 ዶላር ከ31 ሳንቲም። ኤስ21 2 ዶላር ከ64። በቴራ ሲካፈል ልዩነቱ በቀን አንድ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በዚህች ቁጠባ የአዲሱን ዋጋ እስክንመልስ ዓመታት ይነጉዳሉ።

የእኔ ነጥብ ሌላ ነበር። መብራቱ ርካሽ ይሁን እንጂ ትራንስፎርመሩ የሚችለው ልክ አለው። አንድ ሜጋዋት ላይ 325 ያገለገሉ ማሽኖች ብትሰካ 33,800 ቴራ ነው፤ 285 ኤስ21 ብትሰካ ግን 57,000። ይሄ ነው «የመጨረሻ 3» ሁለተኛው ገጽ ላይ በቢጫ ቀለም የተቀመጠው። ማን ከፍቶት!

ያገለገሉት መጡ። የመጀመሪያውን ካርቶን ስከፍት የማላውቀው አገር አቧራ ፊቴ ላይ ቦነነ። ራዲያተሩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። አንዳንዱ ስሌቱን ከሚሠሩት ሦስት ሰሌዳዎች (ሀሽቦርድ) አንዱ የሞተ ነው፤ 104 ቴራ የተባለው 69 ይሰጣል። ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን የጨዋ ዝምታ አልነበረም፤ «ብዬ ነበር» የምልበትን ቀን እየጠበቅኩ ነው።

ቀኑ በመጋቢት መጣ። ከቀትር በኋላ ማሽኖቹ በሙቀት ራሳቸውን ያጠፉ ጀመር። ላፕቶፔን አቅፌ ወደ ኤሌክትሪሻናችን ሄድኩ። ጋሼ ነው የምንለው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ጄነሬተር ሥር ነው። ሰንጠረዡን ዘርግቼ በደንብ አስረዳሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ንፋሱንስ አስልተኸዋል?»

«የምን ንፋስ ጋሼ?»

«የሚነፍሰውን ነዋ!»

ሳቅኩ። አሁን ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ እሱ ሳቅ ነው። እሱ አልሳቀም። «እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ጄነሬተር እንኳ እዚህ ከፍታ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት አይሰጥም፤ አየሩ ስስ ነዋ። ማራገቢያውም ያው ነው። ይዞራል፣ ይጮሃል፣ የሚገፋው አየር ግን ትንሽ ነው። የማሽኑን ወረቀት እስቲ አምጣው።»

አመጣሁ። ዋቱን የገለበጥኩበት ያው ወረቀት ነው። ዝቅ ብሎ የሥራ ከፍታ እስከ 2,000 ሜትር ይላል። ከ900 ሜትር በላይ ደግሞ በየ300 ሜትሩ ማሽኑ የሚችለው ሙቀት በ1 ዲግሪ ይወርዳል። ከ2,000 በላይ ስላለው ወረቀቱ ትንፍሽ አይልም። በጥድፊያ የኤስ21ን ከፈትኩ። እዚያም 2,000። ለ«ብዬ ነበር» ያዘጋጀሁት አፍ እዚያው ተዘጋ።

ጋሼ ሁለት ሌሊት አድሮ ግድግዳው ላይ ትልልቅ የሙቀት መሳቢያ ማራገቢያ ገጠመ። እነሱም የሚጠጡት ከዚያው ትራንስፎርመር ነው፤ ቦታ ለመልቀቅ ደርዘን ሙሉ ማሽን ነቀልን። የአለቃዬም የእኔም ሒሳብ አብሮ ተነቀለ። እውነቱን ለመናገር ግን ክፍያው በግማሽ ከወረደበት ከሚያዝያ በኋላም ያገለገሉት አልከሰሩም። ሌላ አገር ቢሆኑ ተነቅለው የሚጣሉት ማሽኖች እኛ ጋ የመብራታቸውን ከፍለው ያተርፉ ነበር። ይሄን ለአለቃዬ አልነገርኩትም፤ እንዳይሰማብኝ።

ሰኔ ላይ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች መጡና ስብሰባ ተጠራ። አለቃዬ «የመጨረሻ 4»ን በግድግዳው ላይ አበራ፤ በመጨረሻ አንዷን ከፈተ። አዲስ ዓምድ አላት፦ «የከፍታ ቅናሽ»። «እኛ ከጅምሩ ከፍታውን ከግምት አስገብተን ነው የገባንበት» አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ። ልናገር ብዬ ቀና ስል ከገጹ ግርጌ «አዘጋጅ» የሚለው ጎን የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ መሆኑን አየሁ። ቁጭ አልኩ።

ማታ ቡና ላይ ለጋሼ ሁሉንም አወራሁለት፤ የግርጌዋን ብቻ አስቀርቼ። ስኒውን አስቀመጠና «ይበል ተወው» አለ። «የነዚያን ሁለት ሌሊቶች ኦቨርታይም ፈረመልኝ ወይ?»