እማዬና ቫለንቲኖ

የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ኮከብ የነበረውን ተዋናይ ሩዶልፍ ቫለንቲኖን ለእናቴ ላሳያት ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቱ ከሽፈዋል።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ልትጠይቀኝ መጣች። ቀን ቀን ሥራ ነኝ፣ ማታ ማታ አብረን ፊልም እናያለን። እንግሊዝኛ ስለማትሰማ "ምን አላት? ምን አለችው?" ትለኛለች። እኔ ስተረጉም የሚቀጥለው ያልፈናል። አንድ ማታ አሪፍ ሐሳብ የመጣልኝ መሰለኝ። ለምን ጭራሽ ንግግር የሌለው ፊልም አላሳያትም? ቫለንቲኖን ከተማሪነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። በ1926 እ.ኤ.አ. የሞተ ሰው ምኑ ይታያል ይሉኛል።

"ድሮ ሲኒማ ቤቱን ሰይጣን ቤት ይሉት ነበር" አለች እማዬ፣ ሶፋው ላይ እየተመቻቸች።

የመጀመሪያው ስህተቴ ምርጫው ነበር። ስሙን ጣራ ያስነካውን፣ በ1921 የወጣውን "ዘ ሺክ" ከፈትኩ። አንድ የበረሃ ሼክ አንዲትን እንግሊዛዊት አፍሶ፣ ፈረስ ላይ ጭኖ ወደ ድንኳኑ ይወስዳታል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሴቶች በዚህ ፊልም አብደው ነበር። እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"ይሄ እኮ ጠለፋ ነው!"

"ፊልም ነው እማዬ።"

"ፊልምም ቢሆን ጠለፋ ነው። አጥፋልኝ።"

አጠፋሁት። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው። ደግሞ ቫለንቲኖ እዚያ ላይ ዓይኑን ያፈጣል፣ ጥርሱን ያገጣል። የድሮ ፊልም ላይ ሰው የሚቀልደው እንዲህ ዓይነቱን ትወና ይዞ ነው። ለማያውቀው ሰው በ"ዘ ሺክ" አትጀምሩ።

ከሳምንት በኋላ ስሙን ከዮሐንስ ራእይ አራት ፈረሰኞች የወሰደውን ፊልም አመጣሁ። እሱም የ1921 ነው። ርዕሱን ስነግራት ደስ አላት። እኔ የፈለግኩት የታንጎውን ቦታ ነው። ቦነስ አይረስ፣ ጭስ የሞላው መጠጥ ቤት። ቫለንቲኖ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ ሲጋራውን ይዞ ከሚጨፍሩት መሃል ይገባል። ጣሊያን ውስጥ ካስቴላኔታ ከምትባል ከተማ በ18 ዓመቱ ኒው ዮርክ የመጣ ስደተኛ ነበር። አትክልተኛ ሆኗል፣ ሳህን አጥቧል፣ ዳንስ ቤት ውስጥ እየተከፈለው ከሴቶች ጋር ጨፍሯል። ያ የዳንስ ቤት ሥራው እዚህ እግሩ ላይ ይታያል። ለመራመድ እንኳ አይቸኩልም።

ማለቴ፣ መቸኮል አልነበረበትም። እኔ ያገኘሁት ቅጂ ላይ ግን ሰው ሁሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

"ምን ያሯሩጣቸዋል?" አለች እማዬ።

ለካስ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። የዚያን ጊዜ ካሜራ በእጅ እየተዘወረ ነበር የሚቀርጸው፤ በሰከንድ 16፣ 18፣ 20 ምስል፣ እንደ ቀራጩ እጅ። ድምፅ ሲመጣ ነው 24 ላይ የረጋው። በ18 የተቀረጸውን በ24 ካሳያችሁት ፍቅሩ ኮሜዲ ይሆናል። እኔ ማጫወቻው ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ሳወርደው ሰውየው ሰው ሆነ። ግን መሸ፣ እማዬም አንቀላፋች።

ሙዚቃውም ጉድ አፍልቷል። ቅጂው ላይ አንድ ፒያኖ ከምስሉ ጋር ሳይገናኝ ይደጋገማል። ድምፁን ዘግቼ የእማሆይ ጽጌማርያምን ፒያኖ ከስልኬ ከፈትኩ። በእኔ ቤት ረቂቅ ሰው ሆኛለሁ። ልክ ሲጣጣም እማዬ "መነኩሲት እኮ ናቸው፣ ነውር ነው!" ብላ አስጠፋችኝ። እነዚህ ፊልሞች በጊዜያቸው ከእነ ፒያኖው፣ ከእነ ኦርኬስትራው ነበር የሚታዩት። ስለዚህ ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ሙዚቃ ያለውን ቅጂ ፈልጉ።

ለሦስተኛው ጊዜ በ1925 የተሠራውን "ዘ ኢግል" መረጥኩ። ከፑሽኪን "ዱብሮቭስኪ" የተወሰደ ነው። "የኛው ፑሽኪን?" አለች። የኛው አልኳት። አለቀ፣ ፊልሙ ዘመድ ሆነ።

ቫለንቲኖ እዚህ የሩሲያ መኮንን ነው። ንግሥቲቱ ታየውና ትከጅለዋለች፣ ለብቻው ትጠራዋለች። እሱ ሽሽት! እማዬ እያጨበጨበች ሳቀች። ጠላፊው አሁን ተራው ደርሶት ይታደናል። ሸፍቶ፣ ጭንብል አጥልቆ፣ ኋላም የፈረንሳይኛ አስተማሪ መስሎ የጠላቱ ቤት ይገባል። የጠላቱን ልጅ ይወዳል።

እኔ በመካከል የሚናገሩት በጽሑፍ በመጣ ቁጥር እየተረጎምኩ ነው። ሰዓት አላይም፣ ትንፋሽ አልወስድም። አንድ ቦታ ላይ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

"ዝም በል እስቲ። አየኸው? እሷ ስታወራ ይሰማታል።"

ፊልሙን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ይሄን አላየሁም። ልጅቷ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እኛ ምንም አንሰማም። እሱ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይሰማታል። ቅንድቡ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከንፈሩ ሊስቅ ይልና ይተወዋል። እኔ ቁመናውን፣ ፀጉሩን፣ ልብሱን ነበር የማየው። መተርጎሜን አቆምኩ። እስከ መጨረሻው "ምን አላት?" አላለችም።

ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት መቃብሩ ጋ ወሰድኳት። ከትንሿ ኢትዮጵያ ብዙ አይርቅም። ቫለንቲኖ ኒው ዮርክ ላይ ጨጓራው ተበስቶ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ኢንፌክሽን ገድሎት ነው የሞተው። እዚያ ሊሰናበተው 100 ሺህ ገደማ ሰው መንገድ ሞልቶ መስኮት ተሰብሯል። እዚህ ያረፈው ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ቁጥር 1205። ቦታው የራሱ አልነበረም። የታንጎው ሚና እንዲሰጠው የታገለችለት ደራሲ ጁን ማቲስ ነበረች ያዋሰችው። እሷም በዓመቱ ሞተችና አጠገቡ አለች።

"በትውስት መቃብር" አለች እማዬ፣ እያማተበች። "ስንት ዓመቱ ነበር?"

"31።"

"አይ! እናቱስ?"

እሱ ገና ሳይታወቅ ነው የሞተችው፣ እሱ እዚህ እሷ እዚያ እያሉ። ነገርኳት።

"አላየችውማ" አለች። እብነ በረዱ ላይ የተንጠለጠለው ማስቀመጫ ውስጥ አንድ አበባ ዘሞ ነበር። ቀና አደረገችው።