ወታደሩን በእናቱ በኩል ፈለግኩት

የባለቤቴ አያት ታላቅ ወንድም ነበራቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተሰልፎ ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ፤ ቤተሰቡ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ፎቶ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ሜዳልያውም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ኑሯችን ደብሊን ነው። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ ያውም ያለ ወረቀት። በአባታቸው በኩል ሲቆጥሩ ግን እዚህ ሰው ላይ ሲደርሱ ከስሙ በቀር የሚሉት አልነበራቸውም። ይህ ከነከነኝና ፍለጋ ጀመርኩ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመዝገቡ በፊት ዝምታው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይበጃል። በዚያ ጦርነት 200,000 ያህል አየርላንዳውያን ተሰልፈዋል። በመሀሉ፣ በ1916 የፋሲካ ሰሞን፣ ደብሊን ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሣና መሪዎቹ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝን መለዮ ለብሶ የሞተ ልጅ ያለው ቤት ሐዘኑን በጓዳው ያዘ። በ1922 የደቡብ አየርላንድ አምስት የእግረኛ ሬጅመንቶች ፈረሱ፤ የኛ ሰው የነበረበት ሮያል ደብሊን ፉዚሊየርስ አንዱ ነው። ስለዚህ አንዲት አሮጊት ተጠይቀው «ምንም አላውቅም» ቢሉ መደበቃቸው ላይሆን ይችላል። ለእሳቸውም የነገራቸው የለም።

የባለቤቴን አክስት ስለ ጦርነቱ አልጠየቅኳቸውም። የጠየቅኳቸው ስለ እናታቸው ቤት ነው፦ ሰፈሩ የት ነበር፣ ስንት እህትና ወንድም ነበሩ፣ ማን ማንን አገባ። ስለ ወታደሩ ምንም የላቸውም፤ ስለ ቤቱ ግን ሲጀምሩ የሚያቆማቸው አልነበረም። የመንገዱን ስም ነገሩኝ፣ የአያታቸውን (የወታደሩን እናት) ስም፣ አያታቸው ከማግባታቸው በፊት የሚጠሩበትን የአባት ቤት ስም ጭምር። ሥራውን ያቀናልኝ ይኼ ነው።

የአየርላንድ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ታሪኩ ያሳዝናል። ከፊሉን መንግሥት ራሱ አስወገደው፤ ከፊሉ በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ፎር ኮርትስ የተባለው የደብሊን ፍርድ ቤት ከነመዝገብ ቤቱ ሲቃጠል አመድ ሆነ። የ1901ና የ1911 ግን ተርፈው በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነጻ ይታያሉ። በመንገድ ስም መፈለግ ይቻላል፤ እኔም ቤቱን ያገኘሁት በዚያ ነው። አባት፣ እናት፣ ስድስት ልጆች፣ አንዲት የአባት እናት። ልጁ በ1911 የ16 ዓመት ተላላኪ ነው። ቅጹ እናትየዋ ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ እንዳለ ይጠይቃል፦ ዘጠኝ ወልደው ሦስቱ ሞተውባቸዋል።

ዕድሜን በዚህ መዝገብ አትመኑ። በቤቱ ያሉት አያት በ1901 የ58 ዓመት ሴት ነበሩ፤ በ1911 ግን 72 ሆነዋል። ከ1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ሰው ጡረታ መከፈል ጀምሮ ነበርና በዚያ ጊዜ ብዙ አየርላንዳዊ በአሥር ዓመት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ አርጅቷል። ወታደሮችም በፊናቸው ለመመልመል ዕድሜ ይጨምሩ ነበር። ስለዚህ በልደት ዓመት አጣርተው ሰው የሚጥሉ ሰዎች ትክክለኛውን ሰው ይጥላሉ። እኔ የያዝኩት የእናትን ስም ነው።

ከዚያ ወደ ጦሩ ሄድኩ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ የወታደሮቹ የግል ማኅደር በመስከረም 1940 ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ከመጋዘኑ ጋር ተቃጥሎ 60 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። የኛም ሰው ማኅደር የለም። በኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን መዝገብ ደግሞ በዚያው ሬጅመንት ውስጥ በእሱ ስም የሞቱ ሦስት ሰዎች አሉ፤ የአንዳቸውም የወላጅ ስም አልተጻፈም።

የለየልኝ የገንዘብ ወረቀት ነው። መንግሥት የሰውን ታሪክ ሊያቃጥል ይችላል፤ ለማን ስንት እንደከፈለ ግን በሌላ ቦታ ጽፎ ያስቀምጣል። ሟች ወታደር ያልወሰደው ደመወዝና ስለ አገልግሎቱ የተጨመረለት ክፍያ ለማን እንደተሰጠ የሚያሳይ መዝገብ አለ፤ ለንደን ባለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይጠበቃል፣ ቅጂውም ክፍያ በሚጠይቁ የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ላይ ይታያል። ከሦስቱ ሰዎች የአንዱ ገንዘብ ለሚስቱ፣ የአንዱ ለአባቱ ተከፍሏል። የሦስተኛው ለእናቱ፤ ስማቸውም የአክስት ቃልና የ1911ዱ ቅጽ ያለው ስም ነው። ተጨማሪው ክፍያ እንደ ማዕረጉና እንደ አገልግሎቱ ርዝመት ስለሚሰላ፣ ወደ ኋላ ቆጥሮ መቼ ገደማ እንደተመለመለ ማወቅም ይቻላል።

አባት በሕይወት እያሉ ገንዘቡ ለምን ለእናት ሄደ? መዝገቡ «ወራሽ» ይላቸዋል፤ ኑዛዜ ነበረ ማለት ነው። ወታደር ወደ ግንባር ሲሄድ በደመወዝ ደብተሩ ላይ ጥቂት መስመር ይናዘዝ ነበር። የአየርላንድ ቤተ መዛግብት ከ1914 እስከ 1917 የሞቱ 9,000 ያህል ወታደሮችን ኑዛዜ በነጻ አውጥቷል። የኛ ሰው እዚያ አለ። ያለኝን ሁሉ ለእናቴ ይላል፣ ከሥሩ የእናቱ አድራሻ፣ ከዚያ ፊርማው። የልጁን የእጅ ጽሑፍ ከቤተሰቡ ያየ የለም ነበር። ለአክስት አትሜ ወሰድኩላቸው፤ «የእናቴ አጣጣል ነው» ብለው ደጋግመው አዩት።

የክፍሉ ቁጥር አንዴ ከታወቀ ሌላው ይከተላል። የኛ ሰው የነበረበት 9ኛው ሻለቃ በ16ኛው የአየርላንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ነበር፤ መስከረም 9 ቀን 1916 በሶም ግንባር ጂንቺ የምትባለውን መንደር ለመያዝ ከሰዓት በኋላ ወጣ። የፓርላማ አባል የነበረው ቶም ኬትል የሞተው በዚያው ቀን፣ በዚያው ሻለቃ ውስጥ ነው። በየዕለቱ የሚጻፈው የሻለቃ መዝገብ መኮንኖችን በስም ያነሣል፣ ተራ ወታደርን ግን በቁጥር ያልፋል። መንደሯ ተይዛለች። የኛ ሰው መቃብር አልተገኘም፤ ስሙ ከ72,000 በላይ ስሞች በተቀረጹበት በቲየፕቫል ሐውልት ላይ አለ።

መቃብሩ የታወቀ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ድንጋዩ ላይ የቤተሰብ ቃል ብታጡ አትዘኑ። ቤተሰብ እስከ 66 ፊደል ማስቀረጽ ይችል ነበር፤ ግን በአንድ ፊደል 3½ ፔኒ እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር። በደብሊን አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም።

በ1923 የታተመው የአየርላንድ የመታሰቢያ መዝገብም ይረዳል፤ ስምንት ቅጽ ነው፣ ገጾቹን ሠዓሊው ሃሪ ክላርክ አስጊጧቸዋል፣ ከ49,000 በላይ ስም አለው። ነገር ግን በአየርላንድ ሬጅመንት ያገለገሉ እንግሊዛውያንንም ይዟል፤ ስለዚህ የትውልድ ቦታው ሳይታይ ስም ብቻ አይወሰድ።

አሁን የያዝኩት የታናሽ ወንድሙን ጉዳይ ነው። እሱ በሕይወት ስለተመለሰ እስካሁን የዘረዘርኳቸው የሟች ወታደሮች መዝገቦች አያውቁትም። የተረፈኝ በ1918 ምርጫ በጦርነት ምክንያት ከቤታቸው የራቁ መራጮች ዝርዝር ነው፤ በእናቱ አድራሻ አንድ ስም ከነቁጥሩ ተጽፏል፣ ሬጅመንቱ ግን ሌላ ነው። የቁስለኞች ጡረታ ካርዶች አድራሻ ይይዛሉ። ያ ቁጥርና ያ ቤት በአንድ ካርድ ላይ ከተገኙ እሱ ነው።