ያ ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ እንባዬ እየቀደመኝ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልጨርሰው።

እማዬ የመርሳት በሽታ አለባት። ስንት ሐኪም ቤት እንደዞርን፣ ስንት ጾም ጸሎት እንደያዝን አላወራም። የደረሰበት ያውቀዋል።

ዓምና ነሐሴ ላይ ነው። የጅማን የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ያን ማታ ሰማዩ ተቀዷል ነው የሚባለው። መብራት ጠፍቷል። ሻማ ይዤ ወደ እማዬ ክፍል ስገባ አልጋው ባዶ ነው። የግቢው በር ወለል ብሏል። ጫማዋ አለ፣ ነጠላዋ የለም።

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አዌቱ ነው። በበጋ ልጆች የሚሻገሩት ወንዝ ክረምት ሲገባ ሌላ ነው። ድልድዩ ላይ ቆሜ በስልኬ መብራት ውሃውን አያለሁ፤ ምንም እንዳላይ እየለመንኩ አያለሁ።

ጎረቤቶቼ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ፣ በዚያ ዝናብ ወጡልኝ። ግማሹ በሂርማታ በኩል፣ ግማሹ ወደ መናኸሪያ። አንድ ጣቢያ ሄጄ ባመለክት "ጠዋት ነዪ" ተባልኩ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ እየደወለ ያለቅሳል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ሌሊት በምን ይምጣ?

"በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጕልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ" የእማዬ ጥቅስ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱ ትዝ ሲለኝ ደሜ ፈላ። አልዋሽም፣ መንገድ መሀል ቆሜ "ይኸው ጣልካት!" ብዬ ጮህኩበት። "እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም አላልክም? ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ?" የቀረውን ብጽፈው ታዝኑብኛላችሁ።

ሊነጋጋ ሲል አንድ ባጃጅ አገኘሁ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ከሱብሒ ሶላት መውጣቱ ነበር። "እናቴ ጠፍታብኝ ነው" ስለው ስለ ሂሳብ እንኳን አላነሳም። "አላህ ያገናኝሽ እህቴ፣ ግቢ" አለኝ። መርካቶን አካለልን። ፈረንጅ አራዳን አየን። በአጂፕ ዞርን። ከዚያ አንድ የውስጥ ለውስጥ ጭቃ መንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰ።

እዚያ ላይ አበቃልኝ። ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብዬ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። "ይሄ ደግሞ ምን ቀርቶብህ ነው?" ልጁ ትርፍ ጎማ አለው፣ መፍቻውን ግን ለጓደኛው አውሶታል። ሰው ፍለጋ ፊት ለፊታችን ያለውን የቆርቆሮ በር መደብደብ ጀመረ።

የቡና መጋዘን ነው። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከፈቱ። የጀንፈል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከኋላቸው፣ ፋኖስ አጠገብ፣ እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የዘበኛውን ካፖርት ደርባ፣ ጭኗ ላይ ሰፌድ አድርጋ ቡና ትለቅማለች!

ጥቁሩን ፍሬ በአንድ በኩል፣ ስባሪውን በሌላ፣ ጠጠሩን ወደ መሬት። አንድም አይስታትም። ማንኪያ መያዝ ያቃተው እጅ ነው እኮ! ቀና ብላ አየችኝና "ምነው አረፈድሽ? ቁጭ ብለሽ ልቀሚ" አለችኝ።

እኛን ያሳደገችን ቡና ለቅማ ነው። ግን ሥራውን ከተወች ስንት ዘመኗ! በሌሊት ተነስታ ወደ መጋዘን ትሄዳለች ብሎ ማን ያስባል? በሽታው የቅርቡን ትዝታ ቀድሞ እንደሚወስድ፣ እጅ የለመደው ሥራ ግን ቶሎ እንደማይጠፋ ሐኪሟ ያስረዳን በኋላ ነው።

"እኔማ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር" አሉ ዘበኛው። "በሩን ደብድበው የቀሰቀሱኝ እሳቸው ናቸው። 'ሥራ ተጀመረ?' አሉኝ። በዚህ ዝናብ የት ልስደዳቸው? ሥራ ስጠኝ ብለው እምቢ ሲሉኝ ትንሽ ቡና ሰፈርኩላቸው።" አባቴ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው።

እኔ "ሃሌ ሉያ" እያልኩ፣ ባለባጃጁ እጁን ዘርግቶ "አልሐምዱሊላህ" እያለ፣ ዘበኛው ሁለታችንንም "ቀስ በሉ፣ ይደነግጣሉ" ይሉናል። መዝሙር ልጀምር ብዬ ድምፄ አልወጣ አለኝ። የጀመረችው እማዬ ነች። ስሜን የረሳች ሴት ግጥሙን አንድ ቃል አልሳተችም።

እማዬ አልተፈወሰችም። እየጸለይን ነው፤ እናንተም አስቧት። አሁን ስልካችን የተጻፈበት ካርድ አንገቷ ላይ አለ፤ የሰፈራችን ባጃጆችም ለይተዋታል።

ያን ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ሂሳብ ስል "እናትሽን አስገቢ መጀመሪያ" ብሎኝ፣ ወጥቼ ሳይ ጎማውን ቀይሮ ሄዷል። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም። ነሐሴ ላይ፣ ከሱብሒ በኋላ፣ አንዲት የምታለቅስ ሴት ይዞ ጎማ የተነፈሰበት ባለባጃጅ ካወቃችሁ፣ ሂሳቡ እኔ ጋ እንዳለ ንገሩልኝ።