ሸርተቴውን መንግሥት አልሠራውም

ባለፈው እሑድ የልጄን ፎቶ ለአብሮ አደጌ ላክሁለት። አዲሱ ሸርተቴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «አንተ ምን አለብህ! መንግሥት ደጅህ ድረስ መጫወቻ ይሠራልሃል።» ከነከነኝ። የዚያን ሸርተቴ እግር ጉድጓድ ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ።

ዋሺንግተን ዲሲ የተከራየነው ቤት ፊት ለፊት ያለው ቦታ ስሙ ፓርክ ነበር። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፤ አሸዋው የጠርሙስ ስብርባሪ ነው፤ አግዳሚው ሥር ዕፅ የሚወጉ ሰዎች የጣሉት መርፌ ይገኛል። ጉለሌ ስናድግ ሜዳችን ላይ ድንጋይና እሾህ ነበረ፤ መርፌ ግን አላውቅም። ባለቤቴ ልጆቹን ከመስኮት አታሳልፋቸውም ነበር።

ከዚያ በፊት ግን የሆነውን ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ያረፍኩት ሌላ ከተማ ነበር፣ ለብቻዬ። አንድ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ወጥቼ የልጆች መጫወቻ አጠገብ ተቀመጥኩ። የልጆች ድምፅ ናፍቆኝ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንዲት አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከመሰላሉ ወድቃ ከንፈሯ ደማ። «እኔን! እኔን!» ብዬ አነሣኋት፤ በመሐረቤ አፏን ጠረግኩላት። እናቷ እየሮጠች መጥታ ከእጄ መነተፈቻት። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች መጡ። «ልጅህ የታለ?» አሉኝ። «አዲስ አበባ» አልኩ። መታወቂያዬን ተቀብለው ሲመዘግቡ እናቶቹ ሁሉ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሰብስበው ያዩኝ ነበር። ለቀቁኝ፤ ግን ልጅ ያልያዘ ወንድ እዚህ አይቀመጥም ብለው አስጠነቀቁኝ። እኛ አገር ወድቃ ያለፋት ሰው ነበር የሚወቀሰው።

ቤተሰቤ መጥቶ ዲሲ ከገባን በኋላ በራችን ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ስለ ፓርኩ የሰፈር ስብሰባ አለ ይላል። እንግሊዝኛዬን ፈርቼ ልቀር ነበር። ሄጄ ግን አንዲት ሸምገል ያሉ ጎረቤታችን ስለ እ.ኤ.አ. 1995 ሲናገሩ ሰምቼ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ያን ዓመት በዚሁ ከተማ፣ ሳውዝኢስት በሚባለው ክፍል፣ ሁለት ትንንሽ እህትና ወንድም መጫወቻ ስላልነበራቸው ቆሞ የተተወ መኪና ውስጥ ገብተው ሲጫወቱ ታፍነው ሞቱ። ዳረል ሃሞንድ የሚባል ወጣት ያንን ጋዜጣ ላይ አንብቦ በዚያው መኸር ከነዋሪዎች ጋር መጫወቻ ሠራ፤ በ1996 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ካቡም የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ነዋሪው ተሰብስቦ በአንድ ቀን መጫወቻ የሚያቆምበት አሠራር ከዚያ ነው የተስፋፋው። እዚሁ ዲሲ ያለው፣ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ማልኮም ኤክስ ፓርክም እንዲሁ ነው። በ1990 የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው ማታ ማታ እየዞሩ ባይጠብቁት ኖሮ ማን ደፍሮ ያልፍበት ነበር?

በስብሰባው ገንዘብ አልጠየቁኝም። «ስንት ሰዓት ትሰጣለህ?» ነው ያሉኝ። ደቦ ነዋ! መጀመሪያ ልጆቹን ሰብስበው የሚፈልጉትን አሣሏቸው። የእኔዋ ከዥዋዥዌው አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴት ሣለች። አልሳቁባትም፤ ዥዋዥዌው ፊት ለፊት ጠረጴዛና አግዳሚ ተተከለ።

የሥራው ቀን ጠዋት የእንጨት ፍቅፋቂው ተራራ አክሎ ጠበቀን። ልጅ ሲወድቅ እንዳይጎዳ መሬቱ ላይ በወፍራሙ የሚነጠፍ ነው። በሸራ እየጫንን አራት አራት ሆነን ጫፍ ጫፉን ይዘን ተሸከምን። ልጅ ሆኜ ግንባታ ላይ ባሬላ ተሸክሜ ስለማውቅ እጄ ወዲያው አስታወሰው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቆሞ አለቀ። ከዚያ ቢጫ ሪባን ዙሪያውን ተወጠረ፤ ሲሚንቶው እስኪደርቅ 3 ቀን ማንም አይወጣበትም። ልጆቹ ሪባኑን በደረታቸው እየገፉ ቆመው ዝም ብለው ያዩታል። ልጄ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

የሚያሳዝነኝ የእኛ ሰው ነው። ለለቅሶ አዳራሽ የምንሞላ ሰዎች፣ ለፓርኩ ኑ ብዬ ብለምን ሁለት ብቻ መጡ። የቀረው «የመንግሥት ሥራ ነው» አለኝ። አገር ቤትም የሰፈራችን ሜዳ በቆርቆሮ ሲታጠር እንዲሁ ዝም ብለን አየን፤ አሁን ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት መኪና መሐል ነው።

ስለዚህ ልትመጡ የምታስቡ፣ አሜሪካ የተሠራ ፓርክ ይጠብቀናል ብላችሁ አትምጡ። ወረቀት በራችሁ ላይ ሲለጠፍ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ሂዱ፤ አካፋ የያዘን ሰው ማንም «ከየት ነህ?» አይለውም። እኔን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ በስሜ ይጠራኛል። የሌላ ሰው ልጅ ፊታችሁ ቢወድቅ ግን እጃችሁን ሰብስባችሁ «እናቷ የት ናት?» ብላችሁ ተጣሩ። እኔ ራሴ በቆፈርኩት ፓርክ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሆዴ ግን እስካሁን አልለመደውም።